በአዋጅ ተጋብተው በአዋጅ የተፋቱ

የእታለም ትዳር የፈረሰው አንሶላ እያጠፈች ሳለች ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደ ወትሮው በእንፋሎት ታፍኗል፤ ማሽኖቹ ያጓራሉ፤ ጥግ ላይ ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣ አረንጓዴ ጨርቅ ተቆልሏል። እሷና «ሳቂታዋ» የሚሏት የሥራ ባልደረባዋ የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘው ወጠር ያደርጋሉ፣ ይቀራረባሉ፣ ያጥፋሉ፣ ደግሞ ይራራቃሉ። መደርደሪያው ላይ ያለው ራዲዮ ሲዘፍን ቆይቶ ድንገት ጸጥ አለና አንድ ወፍራም ድምፅ አዋጅ ማንበብ ጀመረ።

እታለም እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከክፍሉ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ስለምትበልጥ ልጆቹ «እታለም፣ እታለም» ሲሏት ከርመው ስም ሆኖ ቀረባት።

«በቀድሞው እምነት የለሽ አገዛዝ ዘመን፣» አለ ድምፁ፣ «በአደባባይ፣ በባንዲራ ሥር፣ ያለ ቤተ ጸሎት ቡራኬ የተፈጸሙ ጋብቻዎች በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ። ባልና ሚስት ነን የሚሉ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ በየእምነታቸው ቤተ ጸሎት ቀርበው ይባረኩ። ሳይባረክ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረ ይቀጣል።»

ሳቂታዋ ሳቋ አመለጣት። እሷ ያገባችው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በቡራኬ ነው፤ ምን ቸገራት። «ኧረ እታለም፣ ቆመሽ ቀረሽ እኮ!» አለች። ከዚያ የእታለምን ፊት አየችና አፏን በእጇ ያዘች። አንሶላው በእታለም በኩል ወድቆ እርጥቡን ወለል እየጠረገ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታው የደረሰ ቁጡ ሰውዬ፣ ከቢሮው ብቅ አለና ያልታጠበው ልብስ ክምር ላይ ቁጭ አለ። በጤናው ቀን አንድ ጨርቅ ወለል ላይ ካየ የሚጮህ ሰው ነው። «ስድስት ልጅ ወልጄ» አለ ለራሱ፣ «ስድስት ልጅ ወልጄ፣ ላጤ ነህ አሉኝ?»

ሳቂታዋ ጎንበስ ብላ የወደቀውን አንሶላ አነሣች።

ኃላፊውም እታለምም፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ የስታዲየም ሙሽሮች ነበሩ። በእታለም እናት ዘመን ለንጉሥ ዘውድ የሚደፉለት የቤተ ጸሎት አባቶች ነበሩ፤ አባቶቹም መሬታቸውን የሚያገኙት ከንጉሡ ነው፤ አንዱ አንዱን ደግፎ ቆሞ ነበር። ማን ማንን እንደሚያገባ አባትና የቤተ ጸሎቱ አለቃ ተነጋግረው ይጨርሱታል፤ እናቷ ባሏን ያየችው በሰርጓ ቀን ነው። በኋላ ንጉሡ ወረደ። አዲሶቹ ገዢዎች ሰማዩ ባዶ ነው ብለው የቤተ ጸሎቶቹን በር በሰንሰለት ዘጉ። አገሩ ሁለት እምነት ነበረው። ቤተ ጸሎታቸው ጉብታው ላይ ያለው ኮረብታዎች ይባላሉ፤ ውሃው ዳር ያለው ደግሞ ወንዞች። አብረው ይነግዳሉ፣ አብረው ያርሳሉ፣ ግን አይጋቡም። ገዢዎቹ ይህን የድሮ በሽታ በአንድ ቀን እናድነዋለን አሉ። ከየፋብሪካውና ከየመሥሪያ ቤቱ የኮረብታ ልጃገረድና የወንዝ ጎረምሳ እየመረጡ በስታዲየሙ ሣር ላይ ፊት ለፊት አሰለፉ። የተጋባ አፓርታማ ያገኛል፤ እምቢ ያለ ሌላ ሥራ ይፈልግ። አንድ ሰው በሜጋፎን ጥንድ ጥንድ ስም ጠራ። የእታለም ስም ሲጠራ ከማዶ አንድ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ልጅ ከሰልፉ ወጣ። ባሏ ማለት እሱ ነው።

እሷና ባሏ ይህን ለማንም አውርተውት አያውቁም። እርስ በርሳቸውም ቢሆን አያነሡትም። ለልጃቸው የነገሯት «ስታዲየም ተገናኝተን ተዋደድን» ብለው ነው። ልጅቷም እግር ኳስ ጨዋታ ላይ ይመስላት ነበር።

እታለም ከሥራ ወጥታ ሰፈሯ ስትደርስ ፎቃቸው ተሸብሯል። ሕንፃው ያኔ ለስታዲየም ሙሽሮች የተሰጠ ስለሆነ አዋጁ ያልነካው በር የለም። ሰዎች በረንዳ ለበረንዳ ይጠራራሉ፤ አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዱ «ውሸት ነው፣ ያስተባብላሉ» ይላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእነ እታለም በር ፊት ለፊት፣ ቀጮ በሯን ሞልታ ቆማለች። ቀጮ የሚለውን ስም ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው፤ ሴትየዋ ግን ደረጃ ስትወጣ ሌላ ሰው አያሳልፍም።

«ሰማሽ አይደል?» አለች ቀጮ፣ ፊቷ በርቷል። «ነጻ ወጣን እኮ!»

ባሏ ፀጉር አስተካካዩ ትራሱን ታቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«እባክሽ ንገሪያት» አለ ወደ እታለም ቀና ብሎ። «የቀልድም ልክ አለው በያት።»

«የምን ቀልድ? ስንት ዘመን ሙሉ ፍቱኝ ስላቸው ‹የአብዮት ትዳር አይፈርስም፣ ለጠላት መሳቂያ ልታደርጊን ነው?› ሲሉኝ ኖሩ። ዛሬ ሳልለምን ሰጡኝ። መንግሥት ሲሰጥ እጅ ይመለሳል?» ብላ በሩን ዘጋችው። ወዲያው መልሳ ከፈተችና መነጽሩን አቀበለችው። «ያለ እሱ አታይም» አለችና ደግማ ዘጋች።

እታለም ሳቅም ለቅሶም አልመጣላትም። ቤቷ ገባች።

ባሏ የሊፍት ቴክኒሻን ነው። ሲገባ ሁልጊዜ የቅባት ሽታ ቀድሞት ይገባል፤ እጁን በልብስ ሳሙና ፈትጎ ሳይታጠብ ሰው አይጨብጥም። ያን ቀንም እንደ ልማዱ ታጠበ። ልጃቸው፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው፣ ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ ወንበር ላይ ተኮራምታለች። ዓይኗ አብጧል። ሊያገባት የነበረው ልጅ ቤተሰብ ኮረብታ ነው፤ እናቱ ደግሞ ከቤተ ጸሎቱ ደጅ የማትጠፋ ሴት ናት።

«ሰምተሃል?» አለች እታለም።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ኮረብታ የወንዝን ሰው አይባርክም፣ ወንዝም የኮረብታን አይባርክም። አንዳችን መሻገር አለብን። ልጅቷ የምትገባው ኮረብታ ቤት ስለሆነ አንተ ብትሻገር ይቀላል። ጥቂት ቀን ያስተምሩሃል፣ ቃል ትገባለህ፣ አለቀ። አንተ እንደሆንክ ለሁለቱም ግድ የለህ።»

«አልሻገርም።»

ነገሩ የወንድ ኩራት መሰላት። «እሺ፣ እኔ ልሻገር» አለች።

«አንቺም አትሻገሪም።»

እታለም ክው አለች። ይህ ሰው አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ «አይሆንም» ብሎ አያውቅም። ወጡ ጨው በዛበት ቢባል «ደህና ነው» የሚል ሰው ነው። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች።

«አባዬ፣ የምትለው ገብቶሃል? የእሱ እናት ደውላ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ካልተባረከ አልጋ የተወለደች ልጅ ለተባረከ ቤት አትሆንም› አለችኝ። እኔን! ባለፈው ሳምንት ልጄ ትለኝ የነበረችዋ ሴትዮ!»

አባቷ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዳፉን አየው። ከዚያ ስለ ስታዲየሙ ነገራት፤ ስለ ሜጋፎኑ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ አፓርታማው። ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን ታያለች።

«ተዋደድን ብላችሁኝ አልነበር?»

«ተዋደድን» አለ አባቷ። «ግን በኋላ ነው።»

ወደ እታለም ዞረ። «ያኔ አንቺን ሳልጠይቅሽ ሰጡኝ። አንቺም ይሁን አላልሽም። ዛሬ ደግሞ ሳይጠይቁኝ ወሰዱሽ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብዬ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። አሁን ሄዶ ሌላ ሰልፍ ላይ መቆም፣ ሌላ ሰው ስማችንን ሲጠራ መስማት አልችልም። በቃኝ። ማንም ሳያዘኝ እኔው ራሴ ልጠይቅሽ።» ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «ከእኔ ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?»

እታለም መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ያለ መስሏት አፏን ከፈተች። ምንም አልነበረም።

«ላስብበት» አለች።

ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ ዞራ ልታይ ምንም አልቀራት። ባሏ በጥፊ የተመታ ያህል ደርቆ ቀረ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ልጅቷ «አብዳችኋል! ሁለታችሁም አብዳችኋል!» ብላ በሩን አላትማው ወጣች። እታለምም ቆማ ቀረች። አትወደውም ማለት አይደለም፤ ይጠላኛል ብላም አታውቅም። ግን ምን እንደምትፈልግ ከተወለደች ጀምሮ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄው ሲመጣ ቤቱን እንዳጣ እንግዳ በሯ ላይ ቆሞ ቀረ።

ወሩ ሳያልቅ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ታላቅ እህቷ ቤት ገባች። ሕጉም አስገድዷታል፤ አዋጁን የሚያስፈጽመው የቤተ ጸሎቶቹ ጉባኤ ተቆጣጣሪዎች በር ማንኳኳት ጀምረው ነበር። ልጅቷ ደግሞ በአባቷ ተቀይማ ቀድማት እዚያው ገብታለች።

ታላቅ እህቷ ባሏ የሞተባት፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ቤተ ጸሎቶቹ በተዘጉበት ዘመን ጓዳዋ ውስጥ ሰው እየሰበሰበች ስታስጸልይ ተይዛ ታስራለች፤ የፊት ጥርሷን ያወለቁት እዚያ ነው። እምነቷ ቀልድ አይደለም። ለዚህም ነው እታለም የእህቷን ቃል ደፍራ የማትመልሰው። እህትየው ግን በሁለተኛው ቀን ሻይ እየቀዳች፦

«ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጨዋ ሰው አለ» አለች። «የመስታወት ሱቅ አለው። የኛው ሰው ነው።»

«እትዬ! ባል አለኝ እኮ!»

«የለሽም» አለች እህቷ፣ ሳትቆጣ፣ የውሃ መቋረጡን እንደሚነግር ሰው። «አንቺ አግብተሽ አታውቂም። ነገ ቤተ ጸሎት ወደ አባታችን እንሄዳለን፤ እሳቸው ያስረዱሻል።»

የኮረብታው ቤተ ጸሎት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የቀድሞዎቹ ገዢዎች የእህል መጋዘን አድርገውት ስለነበር የግድግዳው ሥር አሁንም አይጥ የቦረቦረው ቀዳዳ አለው። አባታችን የሚሏቸው ሰው ቢሯቸው ከጸሎት አዳራሹ ጀርባ ነው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የመንግሥት ማኅተም ተቀምጧል። ለስለስ ያሉ፣ ድምፃቸው የሚያረጋጋ ሽማግሌ ናቸው። እታለም፣ እህቷና ልጅቷ ፊታቸው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አትፍሪ» አሏት። «አንቺ ንጹሕ ነሽ። ተገደሽ የሆነ ነገር ነው። በሰማይም በመንግሥትም ዘንድ ያ ዘመን እንዳልነበረ ይቆጠራል።»

«ሁሉም ነገር?» አለች እታለም።

«ሁሉም።»

«ወንድ ልጅ ነበረኝ። በአራት ዓመቱ ሞተ። እሱስ?»

ሽማግሌው ዝቅ ብለው ጠረጴዛቸውን አዩ። «በቡራኬ ስላልተወለደ በጸሎት ስሙ አይነሣም። ባታስቢው ይሻልሻል። ፈጣሪ ሌላ ይተካልሻል እንዳልልሽ ዕድሜሽ ገፍቷል፤ ግን ሰላም ይሰጥሻል።»

እታለም ሰውየውን አየቻቸው። የሚናገሩት በክፋት አልነበረም፤ ይህ ነው ያስደነገጣት። ልጇ የተቀበረ ቀን ትዝ አላት። ጸሎት ክልክል ነበር፤ የገዢዎቹ የወጣት ማኅበር ሰዎች ቀብሩን ሊከታተሉ መጥተው በጥግ ቆመዋል። አፈሩ ሲመለስ ባሏ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር መሰለ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ተጠግታ ስትሰማው የኮረብታን የሙታን ጸሎት ነው የሚለው፤ የራሱን ሳይሆን የእሷን፤ እሷ ልጁ ሲያጣጥር በለሆሳስ ስትለው ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። አንድ ሁለት ቃል አበላሽቷል። ቢሰሙት ይታሰር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወሩም።

«ይህ ሰው እንዳልነበረ ነው የሚሉኝ?» አለች።

«የትኛው ሰው?» አሉ ሽማግሌው፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

እህቷ ክንዷን ያዘቻት። ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ጉባኤው ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች መላ አበጅቷል አሉ። ያልተባረከ ጋብቻ ልጅ የተባረከ ዘመድ ካላት በዚያ ዘመድ ስም ልትገባ ትችላለች። ከዚያ ወዲያ ነውር የለባትም፤ ሰርጓም ይቀጥላል። የሚያስፈልገው ልጅቷ በአባቶች ፊት በአንደበቷ መናገሯ ብቻ ነው። እታለም የሚሉት ገና በደንብ ሳይገባት ሽማግሌው ጠየቁ።

«እናትሽ ማን ናት?»

ልጅቷ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። በአገጯ ወደ አክስቷ ጠቆመች።

«እሳቸው ናቸው።»

«ይህችስ?»

ሽማግሌው በብዕራቸው ወደ እታለም ጠቆሙ።

«አክስቴ ናት» አለች ልጅቷ።

እታለም ያን ጊዜ አልጮኸችም። ልጅቷን የወለደችበት ክፍል አምፖሉ ይብለጨለጭ እንደነበር ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ትዝ አላት። ሽማግሌው ማኅተሙን አንሥተው መቱ። እህቷ ታለቅሳለች፤ የደስታ ይሁን የሐዘን አይታወቅም። እታለም ተነሥታ፣ የት እንደሚያወጣት የማታውቀውን በር ከፍታ፣ የጸሎት አዳራሹን አቋርጣ ወጣች።

ልጅቷ ደጅ ላይ ሮጣ ደረሰችባት።

«እማዬ! እማዬ፣ ስሚኝ! ቃል ብቻ እኮ ነው! ቤት ስንገባ ያው እናቴ ነሽ!»

«ዝም በይ።»

«አንቺስ?» አለች ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አንቺ በሜጋፎን ሲጠሩሽ ከሰልፉ ወጥተሽ የለም? እምቢ ብለሻል? አያቴስ ብላለች? እኔም እንደናንተ የተባልኩትን አልኩ። እኔ ቢያንስ የምወደው ሰው ጋ ልሄድ ብዬ ነው።»

እታለም ልጅቷን ልትመታትም፣ ልታቅፋትም እጇን አነሣች፤ ሁለቱንም ሳታደርግ ትከሻዋ ላይ ያለውን ክር አነሣችላትና ሄደች።

በእግሯ ከተማውን አቋረጠች። የት እንደምትሄድ ያወቀችው ስትደርስ ነው። ባሏ በዚያ ሰሞን የኢንሹራንሱን ረጅም ሕንፃ ሊፍት እየጠገነ ነበር። ዘበኛው ስድስተኛ ፎቅ ነው ያለው አላት። ሊፍቱ ስለማይሠራ በደረጃ ወጣች። የሊፍቱ በር ተከፍቶ የማስጠንቀቂያ ሪባን ታስሮበታል። አንገቷን ወደ ጨለማው ጉድጓድ አስገብታ ጠራችው። ከላይ፣ ከሽቦዎቹ መሐል፣ የእጅ ባትሪ ብርሃን ተወዛወዘ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ብርሃኑ ቆመ። «ምን ሆንሽ? ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ጥያቄህን መልሼልህ ልሄድ ነው የመጣሁት።»

«ምን? አይሰማኝም! ማሽኑ ይጮሃል!»

«ያልከኝን አስቤበታለሁ!»

«ጮክ በይ!»

እታለም ሪባኑን በሁለት እጇ ያዘችና በሕይወቷ ጮኻ በማታውቀው ድምፅ ወደ ጉድጓዱ ጮኸች። «እፈልጋለሁ! ካንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ!»

ድምፁ በሕንፃው ስምንት ፎቅ ሁሉ ወጥቶ ወረደ። ከየቢሮው በር ፀሐፊዎች ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ ሰውዬ ፋይሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆሞ ቀረ። ከላይ የማሽኑ ጩኸት ቆመ። ከዚያ ባሏ በመሰላሉ ወርዶ፣ እስከ ክርኑ በቅባት ተለውልጦ፣ ፊቷ ቆመ። ሊይዛት ፈልጎ እጁን አየና ወደ ኋላው ደበቀው። እሷ ግን እጁን ከኋላው አውጥታ ያዘችው።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጠው የልጅቷን ነገር ነገረችው። ሲሰማ መጀመሪያ የገባው አልመሰለም።

«አክስት?» አለ።

«አክስት።»

«ታዲያ እኔስ ምኗ ነኝ?»

እታለም ይህን አላሰበችውም ነበር። ሽማግሌው ስለ አባት አንድም ቃል አልጠየቁም። የእህቷ ባል ከሞተ ቆይቷል፤ አባትነቱ ለእሱ ተሰጥቶ መሆን አለበት። «ምንም» አለች በመጨረሻ። «አንተ ምኗም አይደለህም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ተነሥቶ የመሣሪያ ሣጥኑን መዝጋት ጀመረ፤ ክዳኑ ግን እምቢ አለው፤ ደጋግሞ ቢጫነውም አልገጠም፤ በመጨረሻ ክፍቱን አንሥቶ ታቀፈው።

አብረው መኖር ክልክል ነበርና መላውን ያመጣችው ቀጮ ናት። «ሕጉ የሚለው ወንድና ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ ነው» አለች። «ወንዶቹ አንድ ቤት፣ ሴቶቹ አንድ ቤት ይደሩ። በሩ ከበሩ ሁለት ክንድ አይርቅ።» ፀጉር አስተካካዩ ትራሱን ይዞ እነ እታለም ቤት ገባ፤ እታለም ደግሞ ወደ ቀጮ ቤት ተሻገረች። ቀን ቀን ሁለቱም በር ክፍት ነው፤ ምሳ አንድ ላይ ይበላል፤ ራዲዮ አንድ ላይ ይደመጣል። ሲመሽ እያንዳንዱ ወደ ጎራው። የጉባኤው ተቆጣጣሪዎች መጥተው በአንዱ ቤት ሁለት ሴት፣ በሌላው ሁለት ወንድ ቆጠሩ፤ አንዱ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሚለው ጠፋው፤ ሄዱ። ቀጮ ባሏን እንደማትፈልገው አሁንም ትምላለች፤ ሸሚዙን ግን የምትተኩስለት እሷ ናት። «የጎረቤት ወግ ነው» ትላለች።

የልጅቷ ሰርግ በቀጠሮው ቀን ሆነ። እታለም ከአክስቶች ረድፍ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሙሽራው እናት በትሕትና ሰላም አለቻት፤ «የእህትሽ ልጅ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» አለቻት። እታለም «አዎ» አለች። ከፊቷ ታላቅ እህቷ በእናት ወንበር ተቀምጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ አንገቷን ደፍታ ዋለች። ሙሽሪት በአጠገቧ ስታልፍ ዓይኗን ፈለገች። እታለም ፈገግ አለችላት፤ ሰርግ ነው፤ ልጅ በሰርጓ ቀን አትቀጣም። ባሏ አልተጠራም። ያን ቀን ግን ፀጉር አስተካካዩ ጢሙን ላጭቶት፣ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ እሷ እስክትመለስ ድረስ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር የጠበቃት።

«እንዴት ነበረች?» አላት።

«ቆንጆ።»

«ጫማው አልጠበባትም? ሁልጊዜ አዲስ ጫማ ያቆስላታል።»

«አልጠበባትም» አለች፤ እንደ እውነቱ ግን ጫማዋን አላየችውም ነበር።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ አንድ እሑድ ስልክ ጮኸ። አራቱም ምሳ ላይ ነበሩ። እታለም አነሣችው። ከወዲያ በኩል የብዙ ሰው ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ፣ የአንዲት ሴት ሳቅ ይሰማል፤ የሙሽራው እናት ሳቅ ነው፤ አወቀችው።

«ሄሎ፣ አክስቴ?» አለች ልጅቷ፣ በጠራና በደስተኛ ድምፅ። «ደህና ናችሁ? ሁላችሁም?»

እታለም ቃሉ ከስልኩ ወጥቶ ጆሮዋን ሲመታት ዓይኗን ጨፈነች። ለምጄዋለሁ ብላ ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ማንኪያቸውን ይዘው ያዩአታል።

«ደህና ነን ልጄ» አለች። «ደህና ነን። አንቺስ?»

ልጅቷ ከጫጫታው ራቅ አለች። ትንፋሿ ይሰማል። «እሱስ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አጠገቧ ያለ ሰው ቢሰማ ማንን እንደጠየቀች በማያውቅበት መንገድ።

እታለም ስልኩን ወደ ባሏ ዘረጋች። ሰውየው እጁን በናፕኪን አንዴ፣ ሁለቴ ጠረገ፤ ቅባት አልነበረበትም። ስልኩን ተቀብሎ ትልቁ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ምን ብሎ ሊጠራት እንደሚገባ አላወቀም፤ ምን ብላ ልትጠራው እንደምትችልም እሷ አላወቀችም። ስለዚህ ሁለቱም ለጊዜው ምንም ሳይሉ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እያዳመጠ ቆዩ።